የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወትና የሰብል በሽታ መከላከያ ጥያቄ

በ1919 ዓ.ም. በበጋው ወራት አንድ የሩሲያ ሊቅ ከጅቡቲ በምድር ባቡር ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። ዕድሜው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ነበር። ያመጣው ጉዳይ ንግድም ሆነ የማዕድን ፍለጋ አልነበረም፤ ዘር ለመልቀም ነው የመጣው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ተቀብለው ስለ አገሩ ሁኔታ አነጋገሩት፤ የጉዞ ፈቃድም ተሰጠው። ከዚያ በኋላ በቅሎ አስጭኖ ወደ ሰሜን አቀና። ዓባይን ተሻግሮ ጣናንና ጎንደርን፣ ቀጥሎም አክሱምን አይቶ በአስመራ በኩል ወጣ። በየገበያውና በየአውድማው እየቆመ የስንዴና የገብስ ዛላ፣ የጤፍ፣ የኑግና የተልባ ዘር በየከረጢቱ ለየብቻ እያኖረ፣ የተገኘበትን ቦታ በደብተር እየጻፈ ሄደ። በአንድ ማሳ ውስጥ ነጭ፣ ቀይና ወይን ጠጅ ስንዴ ተቀላቅሎ ሲያይ፣ ሌላው መንገደኛ የገበሬውን ስንፍና የሚመለከትበትን ነገር እርሱ እንደ ሀብት ቆጠረው።

ይህ ሰው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነበር። የመጽሔታችን አዘጋጆች የአንድ ታላቅ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከሙያ አባቶቻችን አንዱን ትቼ የእፅዋት ሊቅ መምረጤ አንዳንድ ባልደረቦቼን ሳያስገርም አልቀረም። ምክንያቴ ይህ ነው፦ እኛ መሐንዲሶች አንድን ምሰሶ ስንሠራ የሚሸከመውን ክብደት አስልተን ነው፤ ክብደቱ የምሰሶውን ደካማ ጎን ፈልጎ ራሱን አይለውጥም። ቫቪሎቭ ዕድሜውን የፈጀበት ጥያቄ ግን ጭነቱ ራሱ ሕይወት ያለው ሲሆን ምን ይደረጋል የሚል ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ በፊዚክስ ስሙ የተጠራ ሊቅ ሆኗል፤ የእርሱ ነገር ከፍጻሜው ጋር ስለሚያያዝ ኋላ እንመለስበታለን። ኒኮላይ በአባቱ ፈቃድ የንግድ ትምህርት ቤት ቢገባም ልቡ ወደ ተክል አዘንብሎ በ1906 የሞስኮ የእርሻ ኢንስቲትዩት ተማሪ ሆነ። የመመረቂያ ጽሑፉም በሞስኮ አውራጃ አዝመራ ስለሚያጠፉ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣዎች ነበር። ሥራው ከመጀመሪያው ገበሬውን ከሚጎዳ ነገር ጋር የተያያዘ ነበር ማለት ነው።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ግን በ1913 ወደ እንግሊዝ ያደረገው ጉዞ ነው። በዚያን ጊዜ የሜንዴል የዘር ውርስ ሕግ ከተረሳበት ተነሥቶ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቫቪሎቭ የዚህ አዲስ ትምህርት ቀንደኛ ከነበረው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። በካምብሪጅም ሮውላንድ ቢፈንን አገኘ። ቢፈን በ1905 ስንዴ ቢጫ ዋግን የሚቋቋምበት ባሕርይ እንደ አበባ ቀለም ሁሉ ከወላጅ ወደ ልጅ በሕግ የሚተላለፍ መሆኑን ያሳየ ሰው ነው። ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን በሽታን መቋቋም የምግብ፣ የአየርና የዕድል ጉዳይ እንደሆነ ይታመን ነበርና፣ መከላከያ በማዳቀል ከአንዱ ዘር ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል ማለት ታላቅ ተስፋ ነበር።

ቫቪሎቭ ይህን ተስፋ ተቀበለ፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጨመረበት። መከላከያው ሊዛወር ከቻለ የት ይገኛል? በመቶ የሚቆጠሩ የስንዴና የአጃ ዓይነቶችን ዘርቶ በዋግና ዱቄት በሚመስል የቅጠል ሻጋታ ሲፈትን፣ አንድ ነገር ጎልቶ ታየው። መቋቋም በዘፈቀደ የተበተነ አይደለም፤ በዝምድናና በትውልድ አገር ይከተላል። ለምሳሌ እርሱ ራሱ የፋርስ ስንዴ ብሎ የሰየመው ዓይነት ሌሎቹ በሻጋታ ሲነጩ ንጹሕ ሆኖ ቆሞ ነበር። ደግሞም አንድ በሽታ ተጠቂውን አጥብቦ የሚመርጥ በሆነ መጠን፣ እርሱን የሚቋቋም ዘር የማግኘት ዕድል ይሰፋል። ሁሉን የሚበላ ጠላት በአንድ መዝጊያ አይመለስም፤ አንድን በር ብቻ የለመደ ግን በሩ ሲለወጥበት ይቸገራል። ይህን ሐሳብ በ1919 ስለ እፅዋት በሽታ መከላከያ በጻፈው መጽሐፍ አስፍሮታል። አብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት አገሩን በሚያተራምስበት በዚያ ወቅት ሳራቶቭ ላይ ፕሮፌሰር ሆኖ ያስተምር ነበር።

ከዚህ ወደ ዘር ለቀማው ያለው መንገድ አጭር ነው። ሰብሉና ጠላቱ ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረው የኖሩበት አገር መከላከያውም የተከማቸበት አገር መሆን አለበት። እንግዲያውስ ወደዚያ መሄድ ነው። ቫቪሎቭ በ1916 ፋርስንና ፓሚርን፣ በ1924 አፍጋኒስታንን፣ ቀጥሎም የሜዲትራኒያንን ዳርቻና አገራችንን፣ በ1932 እና በ1933 ደግሞ የደቡብ አሜሪካን ተራሮች ዞረ። ከ1921 ጀምሮ በፔትሮግራድ የሚመራው መሥሪያ ቤት ወደ ታላቅ ኢንስቲትዩት አደገ። በ1940 በዚያ የተከማቸው ዘር ሩብ ሚሊዮን ያህል ናሙና ነበር። በዓለም ይህን የሚያህል የዘር ግምጃ ቤት ከዚያ በፊት አልነበረም።

ስለ ኢትዮጵያ የደረሰበት ፍርድ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባል። ዱረም ስንዴና ገብስ በዚህ አገር ያላቸውን የዓይነት ብዛት አይቶ የእነዚህ ሰብሎች የትውልድ አገር ኢትዮጵያ ናት ብሎ ነበር። በዚህስ ተሳስቷል፤ ኋላ የተደረገው ምርምር የመጀመሪያ ቤታቸው የምዕራብ እስያ አገር መሆኑን አረጋግጧል። ያየው ብዛት ግን እውነት ነበር። ገብስ ወደ ደጋችን ከገባ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፎታል፤ በከፍታና በሸለቆ ተከፋፍሎ፣ ከየአካባቢው ብርድ፣ ነፍሳትና በሽታ ጋር እየታገለ በሺህ መልክ ተበትኗል። በትግራይና በኤርትራ ገበሬው ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ ሃንፈጽ ብሎ ሲዘራ፣ አንዱ ቢከዳው ሌላው እንዲተርፈው ነው። ቫቪሎቭ ከጢም አልባው ዱረም ስንዴ ጋር የተገናኘውም በዚሁ ሰሜናዊ ጉዞ ነው። እንዲህ ያለ ስንዴ በአንድ ቦታ መኖር አለበት ብሎ አስቀድሞ ተንብዮ ነበርና ደስታው ከፍ ያለ ነበር። በ1931 ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ብቻ አንድ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትሟል።

ይሁን እንጂ ቫቪሎቭ አጥብቆ የመረመራቸው ጠላቶች ዋግና ሻጋታ ነበሩ። ከእነርሱ ይልቅ ረቂቅ የሆነው ጠላት፣ ቫይረስ፣ በእርሱ ዘመን ገና መልኩ እየተገለጠ ነበር። የትምባሆን ቅጠል የሚያዥጎረጉረው በሽታ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ውስጥ እንደሚያልፍ በ1892 ያሳየው የአገሩ ሰው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ ነው። ሆላንዳዊው ቤየሪንክ በ1898 ይህ ከባክቴሪያ የተለየ ነገር መሆኑን ተረዳ። በ1935 አሜሪካዊው ስታንሊ ቫይረሱን እንደ ጨው በክሪስታል መልክ አወጣው። ዛሬ እንደምናውቀው የትምባሆው ቫይረስ ስድስት ሺህ አራት መቶ ያህል ፊደል ያለው የአርኤንኤ ክር፣ በዙሪያውም ሁለት ሺህ አንድ መቶ የሚያህሉ አንድ ዓይነት የፕሮቲን ጡቦች የተደረደሩበት በትር ነው። የራሱ የሆነ ሌላ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ወደ ህዋስ ገብቶ በተክሉ መሣሪያ ራሱን ያስገለብጣል።

የነገሩም ክብደት ያለው በዚሁ መገልበጥ ላይ ነው። ገልባጩ የጻፈውን መልሶ አያርምም። ከአሥር ሺህ እስከ መቶ ሺህ ፊደል ባለው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ያህል ስሕተት ይጥላል። አንድ ቅጠል ውስጥ ግልባጩ በሚሊዮኖች ይቆጠራልና፣ ሊኖር የሚችለው የአንድ ፊደል ለውጥ ሁሉ በቅጠሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ሳይሞከር አይቀርም። አብዛኛው ለውጥ ከንቱ ነው። ጥቂቱ ግን ቁልፍ ይሆናል።

በ1938 ሆምስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከአንድ የትምባሆ ዘመድ የተገኘ የመከላከያ ጂን እንዴት እንደሚወረስ አስረዳ። ይህ ጂን ያለበት ተክል ቫይረሱ ሲገባበት አንድ የፕሮቲኑን ክፍል ለይቶ ያውቅና በዚያ ዙሪያ ያሉትን የራሱን ህዋሳት ይገድላል። እሳት እንዳይዛመት በዙሪያው ያለውን ሣር አጭዶ እንደሚጥል ገበሬ ማለት ነው። በቅጠሉ ላይ ጥቂት ቡናማ ነጥቦች ይታያሉ፤ ቫይረሱ በእነርሱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ዘቡ ይተኛል። ለመሐንዲስ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ብረትም ከተመደበለት ሙቀት በላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል።

እንግዲህ ቫይረሱ መከላከያን የሚያፈርስበት ዋናው መንገድ ጉልበት አይደለም፤ መታወቂያውን መለወጥ ነው። ተክሉ የሚያውቀው ያ የፕሮቲን ክፍል በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ሲለወጥ ዘቡ ጠላቱን አይለየውም። ነገር ግን ያ ክፍል ለቫይረሱ ለራሱ ሥራ አለው። የማያስፈልገው ከሆነ በርካሽ ይለውጠዋል፤ የሚያስፈልገው ከሆነ ሲለውጠው ራሱ ይደክማል። አንዳንዱ መከላከያ በጥቂት ዓመታት ሲፈርስ ሌላው ዘመን የሚቆጥርበት ምክንያት ከሞላ ጎደል ይህ ነው። በቲማቲም ታሪክ ሁለቱም ታይተዋል። የቫይረሱን የመገልበጫ ፕሮቲን የሚይዘው የመጀመሪያው ጂን ወደ እርሻ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ተሸነፈ። ቫይረሱ ከህዋስ ወደ ህዋስ የሚሻገርበትን ፕሮቲን የሚያውቀው ሌላው ጂን ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከአርባ ዓመታት በላይ ጸንቶ፣ በዓለም ያሉ የቲማቲም አምራቾች ሁሉ በእርሱ ተማምነው ኖሩ። ይህም መጨረሻ ነበረው። በ2014 በእስራኤል፣ በ2015 በዮርዳኖስ የመስታወትና የላስቲክ ቤቶች ውስጥ የቲማቲሙን ፍሬ የሚያጠወልግና ቡናማ የሚያደርግ አዲስ ቫይረስ ታየ። የመሻገሪያ ፕሮቲኑ በዘቡ ዘንድ የማይታወቅ ነበር። በጥቂት ዓመታትም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

ከሁሉ ይልቅ የቫቪሎቭን ሐሳብ የሚፈትነው የድንቹ ታሪክ ነው። እርሱ በ1925 ባልደረቦቹን ወደ ላቲን አሜሪካ የላከው ለዱርና ለባላገር ድንች ነበር፤ በኋላም ፔሩንና ቦሊቪያን ራሱ አይቷል። ከዚያ ተራራ ድንች ከተገኙት ጂኖች አንዱ ኤክስ የተባለውን የድንች ቫይረስ ፈጽሞ የሚያግድ ነው። በ1980 ግን ይህን ጂን የሚያልፍ የቫይረሱ ዓይነት መኖሩ ተገለጸ፤ የተገኘውም ከቦሊቪያ ድንች ላይ ነው። መድኃኒቱና መድኃኒቱን የሚያሸንፈው በአንድ መንደር ይኖራሉ! እንዲህ መሆኑ ቫቪሎቭን አያፈርስም፤ ሰብልና ጠላቱ በትውልድ አገራቸው አብረው ይለወጣሉ ማለቱን ያጸናል። የሚያፈርሰው አንድ ጂን ወስደን አገር በሙሉ ብንዘራ ጉዳዩ ያልቃል የሚለውን ተስፋ ነው፤ ከቢፈን ሥራ በኋላ ብዙዎች ይህን ተስፋ አድርገው ነበር። ደግነቱ የቦሊቪያው ዓይነት እምብዛም አልተስፋፋም። መታወቂያውን ለመለወጥ የከፈለው ዋጋ ከባድ ነበርና።

ለዚህ የሚያስፈልገው እንግዲህ አንድ ዘር ሳይሆን የማያልቅ ጎተራና ጊዜ ነው። የቫቪሎቭ ችግር የጀመረውም በጊዜ ጉዳይ ነው። በ1931 የሶቪየት መንግሥት አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ይፈጅ የነበረው አዲስ ዝርያ የማውጣት ሥራ በአራትና በአምስት ዓመት እንዲፈጸም አዘዘ። የግዳጅ የኅብረት እርሻ አገሪቱን ወደ ረሃብ እየወሰዳት ነበርና ባለሥልጣኖቹ ፈጣን ተአምር ይሹ ነበር። ተአምሩን ቃል የገባላቸው ትሮፊም ሊሰንኮ ነው። ሊሰንኮ ጂን የሚባል ነገር የለም፣ ተክል በአያያዝ ባሕርዩን ይለውጣል ባይ ነበር። እዚህ ላይ ቫቪሎቭ ከነቀፋ አያመልጥም፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወጣቱን ሊሰንኮን ደግፎት፣ በሳይንስ ሸንጎም አመስግኖት ነበር። ምናልባት ከገበሬ ልጅ የወጣ ተመራማሪ እንዲያድግ ካለው ፍላጎት ይሆናል። የሰውየውን ነገር ሲረዳ ጊዜው አልፎ ነበር።

በ1929 የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ቫቪሎቭ በ1935 ከዚያ ሥልጣን ወረደ፤ በ1938 ሊሰንኮ በመንበሩ ተቀመጠ። በ1939 በኤዲንብራ የተሰበሰበው የዓለም የዘር ሳይንስ ጉባኤ ፕሬዚዳንት እንዲሆን መርጦት ሳለ እንዳይሄድ ተከለከለ። እርሱ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ለዘር ለቀማ ወጥቶ ሳለ የጸጥታ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። የጉዞ ባልደረቦቹ የተወውን ከረጢት ሲፈቱ በዚያው ቀን የለቀመውን አንድ ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት አገኙበት። በአሻጥርና በስለላ ተከሶ በሐምሌ 1941 የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ በ1942 ቅጣቱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ። ጥር 26 ቀን 1943፣ ቀድሞ ፕሮፌሰር ሆኖ ባስተማረባት በሳራቶቭ ከተማ፣ በወህኒ ቤት ውስጥ በረሃብ ተመናምኖ ሞተ። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነበር። ወንድሙ ሰርጌይ ከሁለት ዓመት በኋላ የመላው የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ተደርጎ ተሾመ፤ በወንድሙ ገዳዮች ፊት እየቆመ እስከ 1951 ሠርቶ ሞተ። ሰው ይህን እንዴት እንደሚሸከመው ማሰብ ይከብዳል። ኒኮላይ ከክሱ ነጻ መሆኑ የታወጀው በ1955 ነው።

በሌኒንግራድ የቀሩት ባልደረቦቹ አለቃቸው በሕይወት መኖር አለመኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። ከተማዋ ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። በግምጃ ቤቱ ግን ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ኦቾሎኒ በቶን ተከማችቶ ነበር። ጠባቂዎቹ አልበሉትም። የሩዙ ኃላፊ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ከረጢቶች ተከቦ፣ የኦቾሎኒው ኃላፊ አሌክሳንደር ሹኪን ከኦቾሎኒው አጠገብ በረሃብ ሞቱ፤ ሌሎችም እንዲሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የገብሱ ነገር መጣ። በ1951 በካሊፎርኒያ ገብስን የሚያቀጭጭና ቢጫ የሚያደርግ ቫይረስ ተለየ፤ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ክሽክሽ የተባለው ተባይ ነው። ሻለርና ባልደረቦቹ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ከስድስት ሺህ በላይ የገብስ ናሙና ዘርተው ፈተኑ። ቫይረሱን የተቋቋሙት ከመቶ ትንሽ በላይ ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ሲቀሩ ሁሉም ከኢትዮጵያ የተገኙ ሆነው በ1963 ታተመ። ዘሩ የተፈተነው ከአሜሪካ ስብስብ ነው እንጂ ከቫቪሎቭ ከረጢት አልነበረም። እርሱ ከመምጣቱ ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1923፣ ወዳጁ አሜሪካዊው ሃሪ ሃርላንም በአገራችን ገብስ ለቅሞ ነበር። የት እንደሚፈለግ የሚያሳየው ካርታ ግን የቫቪሎቭ ነው። ጂኑ አትላስ 68 እና ሲ.ኤም. 67 በተባሉት የካሊፎርኒያ ገብሶች ውስጥ ገባ። የዚህ ጂን ጠባይ ከሌሎቹ ይለያል፤ ቫይረሱን ፈጽሞ አያግድም፣ መራባቱን ያዘገየዋል እንጂ። ከዚህም በላይ የሚሠራው በአንዳንዶቹ የቫይረሱ ዓይነቶች ላይ ብቻ ነው፤ በቅርብ ዘመዳቸው ላይ አይሠራም።

በአውሮፓ ደግሞ ከአፈር የሚነሣ ሌላ የገብስ ቫይረስ ነበረ። ይህን የተቋቋመው ከዳልማቲያ የባላገር ገብስ የተገኘ ጂን ነው። አሠራሩ ጠላትን ማወቅ አልነበረም፤ ቫይረሱ የሚገለገልበት የገብሱ ፕሮቲን የተለወጠ ስለሆነ ቫይረሱ መያዣ ያጣል። በ1980ዎቹ ማብቂያ ቫይረሱ ያንን ለውጥ የሚገጥም አዲስ መያዣ ይዞ ብቅ አለ። አራቢዎቹ ከቻይና የባላገር ገብስ ሌላ ጂን አመጡ፤ ያንንም የሚያልፍ ዓይነት ውሎ አድሮ ተገኘ።

በአዲስ አበባ የእፅዋት ዘር ማእከል በ1976 ሲቋቋም፣ ሥራው ቫቪሎቭ በበቅሎ የዞረበትን አገር ዳግመኛ መዞር ነበር። በሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ኢንስቲትዩቱ የቫቪሎቭን ስም ተሸክሞ ይገኛል። በመደርደሪያ ላይ ያለ ዘር በጊዜ ብዛት የመብቀል ኃይሉን ያጣልና፣ ሠራተኞቹ ናሙናዎቹን በየተራ አውጥተው ይዘራሉ፤ ዛላውን አጭደው፣ ወቅተው፣ አዲሱን ዘር በአሮጌው ቁጥር መልሰው ያስቀምጣሉ።